ቪዲዮው የማያሳየው፦ እናቴን እያስታመምኩ የቤት ሥራ ከስልክ እንዴት ተማርኩ

እናቴን ስትሮክ ሲመታት ቤታችን ውስጥ የሚጋግር፣ ወጥ የሚሠራ፣ የሚያጥብ ሰው አልቀረም። ሁሉንም የምትሠራው እሷ ነበረች። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ እህቴ ዱባይ ሥራ ላይ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ቢሮ እሠራለሁ። ምሳ ውጭ፣ እራት ደግሞ እናቴ ያቀረበችውን በልቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠራተኛ ለመቅጠር አቅማችን አልፈቀደም፤ ያለችው ገንዘብ ለመድኃኒትና ለፊዚዮቴራፒ ነበረች። ስለዚህ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ መማር ጀመርኩ።

ዛሬ እናቴ በምርኩዝ ትሄዳለች። እኔም እጋግራለሁ፣ አበስላለሁ፣ ቧንቧ እጠግናለሁ። ይህን የምጽፈው አሁን በዚያ ውጥረት ውስጥ ላላችሁ ነው። በሽተኛ የምታስታምሙ፣ ብቻችሁን መኖር የጀመራችሁ፣ የሚያሳያችሁ ሰው አጥታችሁ ስልክ ላይ ያፈጠጣችሁ። ቪዲዮ በእርግጥ ያስተምራል። ነገር ግን የተቀረጸው በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ውሃ፣ በሌላ ሰው መብራት ነው። ያንን ልዩነት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። እኔን ብዙ ያስለፋኝ ይህንን ለማወቅ መቆየቴ ነው።

መጀመሪያ የገጠመኝ ሰው ማንሳት ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ የእናቴ ግራ ጎን አይታዘዝም። ስልኬ ላይ ያገኘኋቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የውጭ ናቸው። አልጋው በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በሽተኛውን የሚያነሳ ማሽን አለ፤ ወገብ ላይ የሚታሰር መያዣ ያለው ቀበቶ አለ። እኛ ጋ ያለው ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ የተጠጋ ተራ አልጋ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም።

ያም ሆኖ ከእነዚያ ቪዲዮዎች ዋናውን ነገር አገኘሁ። በሽተኛውን ወደ አልጋው ጠርዝ አምጡት። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ። ወደ ፊት ዘንበል ይበል። እናንተ ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ወገባችሁን አትጉበጡ። ከዚያ አብራችሁ ቆጥራችሁ ተነሱ። ይህ ለየትኛውም አልጋ ይሠራል፤ ምክንያቱም የሰውነት ጉዳይ ነው፣ የዕቃ ጉዳይ አይደለም።

የቀበቶውን ነገር የፈታችልኝ ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። ያወረድኩትን ቪዲዮ አሳየኋት። አየችና «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄኛው ግን ለእናትህ አይሆንም» እያለች ለየችልኝ። ከዚያ የእናቴን ሰፊ መቀነት አስመጣችና ወገቧ ላይ አሰረችው። እሱን ይዤ እንዴት እንደማስነሳት፣ ምን ያህል እንደማጠብቀው በራሴ እጅ እያሠራች አሳየችኝ። ቪዲዮውን ለባለሙያ ማሳየት ገንዘብ አያስወጣም። ቀጠሮ ስትሄዱ ሁለት ሦስት አውርዳችሁ ያዙና «ይሄን ብሠራ ችግር አለው?» በሉ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳስበው ያደርኩትን ነገር እሷ በአፍታ ትጨርሰው ነበር።

አንድ ነገር አደራ። በስትሮክ የደከመን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ በፍቅር ብብቷ ሥር ገብቶ ሊያነሳት ይሞክራል። እኔ በሩ ላይ ነው የምነግራቸው። «አይዟችሁ፣ እኔ አነሳታለሁ፣ እናንተ አጫውቷት» እላለሁ። ማንም አልተቀየመኝም።

የመዋጥን ነገር ደግሞ ከቪዲዮ አትማሩ። በሽተኛው ውሃ ሲጠጣ ቢያስለው፣ ድምፁ ቢሻክር፣ ምግብ ጉንጩ ውስጥ ቢቀር ለሐኪም ንገሩ። ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ አታጉርሱ፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ። ተኝቶ የሚውል ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የታችኛውን ጀርባ በየቀኑ እዩ። ቀልቶ የማይመለስ ቦታ ካለ አትጠብቁ፣ አሳዩ። በሳምንት ውስጥ ከስትሮክ እናድናለን የሚሉ የቅባትና የቅጠል ቪዲዮዎችም ብዙ ናቸው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ፍለጋ እንደሚዞሩ ግልጽ ነው። እናቴ ፀበል ስትፈልግ ፀበሉን አመጣሁላት። የደም ግፊት መድኃኒቷን ግን አንድም ቀን አላቋረጥንም።

ቀጥሎ ምግብ መጣ። ሾርባና ገንፎ ቶሎ ለመድኩ። ያስቸገረኝ ጥራጥሬ ነበር። ቪዲዮው ሽምብራው በዚህን ያህል ደቂቃ ይበስላል ይላል፤ የእኔ ጠጠር ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ላይ የተቀረጸ መሆኑን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ እዚያ ግን 100 ላይ። የእኛ ውሃ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ባቄላም ሽምብራም ፓስታም ከተባለው ጊዜ በላይ ይፈልጋሉ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉት። አቅም ካላችሁ ክዳኑ የሚቆለፈውን የእንፋሎት ድስት ግዙ፤ ጊዜም ከሰልም ይቆጥባል። ኬክ መሞከር የሚያምራችሁ ካላችሁ ደግሞ የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን ትንሽ ቀንሱ። ከፍታ ላይ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይወርዳል።

እንጀራው ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ያየኋቸው የእንጀራ ቪዲዮዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው አሜሪካ ካሉ እህቶቻችን ነው። በጣም ጥሩ አድርገው ያስረዳሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ጤፉን ከሌላ ዱቄት ጋር ይቀላቅላሉ፣ አንዳንዶቹ ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ዱቄት ይጨምራሉ። የሚጋግሩትም ለኖርዌጂያኖች የድንች ቂጣ ተብሎ በተሠራው የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። እዚያ ያለው ነገር እሱ ስለሆነ ልክ ናቸው። እኔ ግን የእነሱን ልኬት ይዤ በእኛ ጤፍና በእኛ ሸክላ ምጣድ ላይ ስሠራ አልሆነም። ሁለተኛው ዓይነት አጫጭሮቹ ናቸው። ሊጡ ይቦካል፣ ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ዓይን ያለው እንጀራ ይወጣል። ሦስት ቀን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለፈ ማለት ነው።

እኔ እንደተረዳሁት አጭር ቪዲዮ መጀመሪያ የሚቆርጠው መጠበቁን ነው። ሙያው ደግሞ ያለው እዚያው መጠበቁ ውስጥ ነው። መቼ በቃው? ምን ይሸታል? ከላይ ምን ይታያል? ስለዚህ ስለ ሊጥ፣ ስለ እርጎ፣ ስለ ጠላ፣ ስለ ማንኛውም የሚቦካ ነገር ስትማሩ ረጅሙን ቪዲዮ ፈልጉ። የማይቆርጠውን፣ ሲያወሩ የሚቆዩበትን። አሰልቺው ይሻላል።

የእኔ ሊጥ አልቦካ ያለው በክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ቤታችን ይበርዳል። ቪዲዮው በሁለት ቀን ይደርሳል ብሎኝ በሁለተኛው ቀን ስጋግረው ዓይን የሌለው ቂጣ ወጣ። የጎረቤታችን እማማ ሽታው ደርሷቸው መጡ። ሊጡን ከፍተው አዩ፣ ጣታቸውን ነከሩና «ልጄ፣ ይሄ ገና ነው። ላዩ ላይ ውሃው ቁልጭ ብሎ ይጥለል፣ እሱን ትደፋዋለህ፣ ከዚያ ነው አብሲት» አሉኝ። ቪዲዮው አብሲቱን አሳይቶኛል። ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ፣ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ፣ በረድ ሲል ወደ ሊጡ እንደሚመለስ አውቄአለሁ። ከዚያ በፊት የጠለለውን ውሃ መድፋት ግን አልሰማሁም ነበር። ወይም የተናገረችው ሴትዮ ሁሉም የሚያውቀው መስሏት አልፋዋለች።

ነገሩ የተለወጠልኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ቪዲዮ እናንተን አያያችሁም። ሊጣችሁ ቀጥኖ እንደሆነ፣ ምጣዳችሁ ሳይግል እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ከስልክ ስትማሩ የሚያይላችሁ ሰው አጠገባችሁ አድርጉ። እማማን ከዚያ በኋላ ሊጥ በደረሰ ቁጥር እጠራቸው ነበር። «ይዩልኝ እስቲ» ስላቸው ደስ ይላቸዋል። ጎረቤት ከሌላችሁ በቪዲዮ ለሰው ደውሉ። እህቴ ከዱባይ በዋትስአፕ ምጣዱን እያየች «አሁን ክደነው… ጠርዙ ሲነሳ አውጣው!» ትለኝ ነበር። አንድ እንዲህ ያለ ስልክ ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል።

ለጀማሪ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ልጨምር። አዲስ ሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ አታፍሱበት፣ ይይዛል። በየመሐሉ በጎመን ዘር ማሰሻ አሹት። ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞራችሁ አፍስሱ፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ክደኑ። የመጀመሪያው እንጀራ ካልተነሳ ተስፋ አትቁረጡ፣ ምጣዱ እስኪግል ነው። እርሾ ከጎረቤት ለምኑ። የቆየ ቤት እርሾ ሥራውን ግማሽ ያቀልላችኋል።

አሁን ወደ አደገኛው ልምጣ፤ መብራት። የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን እናቴ የምትሰካበት ሶኬት ተበላሸ። እኔ ከሌላ ክፍል በዲቫይደር ሳብኩና ጋገርኩ። አንድ ቪዲዮ ላይ ሰውዬው ትልቅ መጋገሪያ በዲቫይደር ሰክቶ አይቼ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዲቫይደሩ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል። እናቴ ከአልጋዋ መነሳት የማትችልበት ጊዜ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። በእኛ 220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ብዙ ርካሽ ዲቫይደሮች 10 አምፔር የሚል ተጽፎባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ያንንም አይችሉም። ዋቱን ለ220 አካፍሉና ዲቫይደሩ ላይ ከተጻፈው አምፔር ጋር አስተያዩ። ከበለጠ አትሰኩ። ምጣድ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። እንደኛ ቆጣሪ ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ከሆነ ደግሞ ማን መቼ እንደሚጋግር ተነጋገሩ። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲሠራ አምፖሉ ሲደበዝዝ ታያላችሁ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ሽቦ ቀለም የማትረሱት ነገር ይኑር። በአሜሪካ ቪዲዮ ላይ ጥቁሩ ሽቦ ኃይል ያለበት ነው፣ ነጩ ኒውትራል፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበት። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ኃይልም 120 ቮልት ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ግን ቡናማው ኃይል ያለበት፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ደግሞ የመሬት ሽቦ ነው። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር! የእኛን ሰፈር ቤቶች በየዘመኑ፣ ባገኘው ሽቦ የሠራው ሰው ብዙ ነው። ቀለሙን አይታችሁ የምታምኑት ነገር የለም። ስለዚህ ከቪዲዮ መብራት ተምራችሁ ግድግዳ አትክፈቱ። አምፖል መቀየር፣ የቀለጠ ነገር መለየት፣ ብሬከር መቼ እንደሚወርድ ማወቅ፣ ይህን ተማሩ። ሶኬቱን የቀየረልን የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ነው። አጠገቡ ቆሜ እየጠየቅሁ ብዙ ተማርኩ፤ ደስ ብሎት ነው ያስረዳኝ።

ቧንቧ እንደ መብራት አያስፈራም፤ እዚህ ላይ ስልክ በጣም ይረዳል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ችግሩ ውስጧ ያለችው ትንሽ ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት ናት። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ ቧንቧዋን ፍቱ፣ አሮጌዋን ጎሚኒ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ስሟን ከቪዲዮ ላይ ይዛችሁ ብትሄዱ ባለሱቁ ግራ ይገባዋል፤ ዕቃውን ካሳያችሁት ግን ወዲያው ያወጣላችኋል። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚባለውን ስስ ቴፕ ስትጠቀልሉ በምትጠብቁበት አቅጣጫ ይሁን፣ አለዚያ ይገለበጣል። ሥራውን ውሃ በማይመጣበት ቀን አትጀምሩ። በጀሪካን ውሃ እየኖራችሁ የጠገናችሁት ቧንቧ ያፍስስ አያፍስስ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም።

ስለ አፈላለግ ደግሞ። በአማርኛ ስትፈልጉ ፊደሉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ጸጉር» እና «ፀጉር» የተለያየ ቪዲዮ ሊያመጡ ይችላሉ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም ሞክሩ፤ ብዙ ሴቶች የወጥ ቪዲዮአቸውን ርዕስ እንደዚያ ነው የሚጽፉት። ለዕቃ ጥገና የሕንድ ቪዲዮዎች ከአሜሪካዎቹ ይልቅ ይቀርቡናል፤ የመብራት ኃይላቸው ከእኛ ጋር ይቀራረባል፣ ዕቃው ሲሰበር ከመጣል መጠገኑንም ያስቀድማሉ። አንድ ቪዲዮ ብቻ አይታችሁ አትነሱ። ሁለት ሦስት እዩና የሚለያዩበት ቦታ ላይ ቆዩ። ሁሉም የሚስማሙበት ዋናው ነገር ነው። የሚለያዩበት እንደየቤቱ የሚቀየር ነው፣ እዚያ ላይ ሰው ጠይቁ።

ፓኬጅ ለሚያሳስባችሁ፣ ቢሮ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ጥራቱን ዝቅ አድርጉ፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ለማየት ከፍተኛ ጥራት አያስፈልግም። ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል፤ እጅ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት ሥራ ላይ በግማሽ ፍጥነት እዩት። መጀመሪያ ግን እጃችሁን ምንም ሳታስነኩ እስከ መጨረሻ እዩ። ዘይት እሳት ላይ ጥዶ ስልክ መጎርጎር ድስትም ያሳርራል፣ እጅም ያቃጥላል።

እናቴ መናገር ሲቀላት ወንበር ላይ ሆና ማዘዝ ጀመረች። «ቁሌቱ ገና ነው፣ ዘይት አትቸኩል» ትለኛለች። ያኔ ነው የእሷ ሽሮ የትም ቪዲዮ ላይ እንደሌለ የገባኝ። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ መቅረጽ ጀመርኩ። እናንተም እናቶቻችሁ ደህና ሳሉ ቅረጹ። ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውንና ድስቱን አሳዩ። «ትንሽ» ሲሉ እጃቸው ላይ ያለውን በማንኪያ ለክታችሁ ድምፃችሁን አሰሙ። ምጣዱ የምን እንደሆነ፣ ዱቄቱ ምን እንደሆነ፣ ወሩ ክረምት ይሁን በጋ ተናገሩ። የሚጠበቅበትን ጊዜ አትቁረጡ። የተበላሸውንም አታጥፉ፤ ያረረ ወጥ ምን እንደሚመስል ማየት ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሽሮውን፣ ምስሩን፣ የጾም አልጫውን ቀርጸን ጨርሰናል። የቀረን ዶሮ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት ስልክ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ቢላዋው የት እንደሚገባ አሁንም በደንብ አልያዝኩትም። ለፋሲካ እማማ ከጎኔ ይቆማሉ፣ እናቴ ከወንበሯ ታዛለች፣ ስልኩን ደግሞ እህቴ ከዱባይ ገብታ እንድታይ ከፍተን እናቆመዋለን።